አናቱ ላይ የተነሳነው ፎቶ

ፈጠነች ጦና በመሥሪያ ቤታችን አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። በወረቀት ላይ ተላላኪና ጽዳት ትባላለች። እውነቱን ለመናገር ግን እሷ አንድ ቀን ከቀረች ቢሮው ይታመማል። ደብዳቤ ከየትኛው ክፍል ወጥቶ የትኛው ክፍል እንደተኛ የምታውቀው እሷ ናት። ማን ሻዩን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማንን ስኒ ከማን ስኒ ጋር በአንድ ትሪ ማቅረብ እንደማያስፈልግ የምታውቀውም እሷው ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ስትሄድ ግን የሚደርስባት የለም። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" እያልን እንቀልድባት ነበር።

እኔ የማርያምወርቅ እባላለሁ። ሶዶ ተወልጄ፣ ሶዶ ተድሬ፣ ሶዶ መዝገብ ቤት ውስጥ ፀጉሬ የሸበተ ሴት ነኝ። ዳሞታን በየማለዳው እያየሁ ከከተማ ሳልወጣ ኖሬያለሁ፤ ገጠሩን የማውቀው ለገበያ በሚወጣው ሰው በኩል ነው። ወላይትኛ እሰማለሁ፣ መልሴ ግን በአማርኛ ነው። ይሄ ኩራት ይሁን ስንፍና እስከ ዛሬ አልለየልኝም። የሠራተኞች የሐዘንና ደስታ ኮሚቴ ሰብሳቢም ነበርኩ። ለቅሶ ላይ ማን የት መቀመጥ እንዳለበት፣ ማን ምን ብሎ ማጽናናት እንዳለበት ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። ይህን የምጽፈው ስለ ፈጠነች ነው። ስለ እሷ ለመጻፍ ግን የራሴን ነውር ዘልዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ።

እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳኑ ሳይተከል ፈጠነች ግቢዬ ውስጥ ነበረች። ማንም አልጠራትም። ሦስት ቀን ውኃ ስትቀዳ፣ ሳህን ስታጥብ፣ የመጣውን ስታስቀምጥና የሚሄደውን ስትሸኝ ከረመች። ቀብሩ ላይ ብብቴ ስር ገብታ የያዘችኝ እሷ ናት። ዘመዶቼ ሁሉ ሲበተኑ እጇን ይዤ፣ "በምን ልካስሽ?" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች።

"እትዬ፣ አባቴ አርጅታለች" አለችኝ፤ አማርኛዋ አንዳንዴ ወንዱን በሴት ይጠራል። "አገራችን ሩቅ ነው፣ ከተራራው ማዶ። አባቴ ሲሞት የቢሮ ሰው ይዘሽ ትመጫለሽ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

በእሷ አገር አንድ ሰው ሲሞት ማን ከየት መጥቶ ቀበረው የሚለው ነገር ለዘመን ይወራል። ይህን ያስረዳችኝ ራሷ ናት። ሩቅ መንገድ ተጉዞ የመጣ ለቀስተኛ ለሟቹ ክብር ነው፤ ለልጁም ቀና ብሎ መሄጃ ነው። "እመጣለሁ፣ ቢሮውን ግልብጥ አድርጌ ነው የምመጣው" ብዬ ማልኩላት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የማልኩትን መልሼ የምውጥበት መንገድ አልነበረም፣ ልውጠውም አልፈለግሁም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ አቶ ጦና ማረፋቸው ተሰማ። ፈጠነች ወዲያው ተነሳች። ስትወጣ በሬ ላይ ቆማ፣ "ቀብሩ ነገ ሰባት ሰዓት ነው፣ እትዬ። ሽማግሌዎቹን እለምናለሁ፣ እናንተ ሳትመጡ አይቀበርም" አለችኝ። "አርፈሽ ሂጂ፣ ከሰባት በፊት እዚያ ነን" አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሆነን በተከራየነው ሚኒባስ ተነሳን። አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን ያልነው፣ የቢሯችን ኃላፊ አቶ ጌታነህ አጭር ስብሰባ ስለነበራቸው፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። እሳቸውን አልወቅስም፤ ከዚያ በኋላ የባከነው ሰዓት የማን እንደሆነ አውቃለሁና። ሁላችንም ጥቁር ለብሰናል። እኔ ነጠላዬን እንደ ወጉ አዘቅዝቄያለሁ። ከከተማው እንደወጣን ግን ነገር ተለወጠ። ያን ዓመት ቢሮው አንድም ቀን ሽርሽር አልሄደም ነበር። አንዱ ቀልድ ጀመረ፣ ሌላው ቀጠለ። ቤቴል፣ መዝገብ ቤት ከእኔ ጋር የምትሠራው ልጅ፣ ለመንገድ ብላ የቀቀለችው ቦይና፣ ያ ድንች የመሰለ ሥር፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳታ ጋር መኖሩን ስታበስር ጭብጨባ ሆነ። በዚያ መኪና ውስጥ ለቅሶ እንደምንሄድ ያልረሳ ሰው ሾፌሩ እስራኤል ብቻ ይመስለኛል።

መንገዱ ወደ ሃላሌ አቅጣጫ ሲወጣ አስፋልቱ ያልቅና ፒስታ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ሽቅብ ብቻ ነው። ተራራው ጎን ላይ እየተጠማዘዝን፣ በአንድ በኩል ግንብ የመሰለ ቋጥኝ፣ በሌላ በኩል ዓይን የሚያዞር ገደል እያየን ወጣን። ቤቴል በየኩርባው ትጮሃለች፣ አቶ ጌታነህ "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" ይላሉ፣ ሰው ይስቃል። ጉም መጥቶ ዋጠን። እስራኤል መብራት አብርቶ እንደ ኤሊ ሄደ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሾፌሮች በአጭሩ "አናቱ" ከሚሉት፣ መንገዱ ወደ ማዶ ከሚገለበጥበት ጫፍ ደረስን፤ ጉሙም እዚያው ተገፈፈ።

ምን ልበል፣ ያምር ነበር። ይህንንም በሐፍረት ነው የምጽፈው። ከእግራችን ስር እርከኑ በእርከን ላይ ተደራርቦ ይወርዳል። እንሰት የከበባቸው የሣር ቤቶች እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ብለዋል። በጣም ሩቅ፣ ከሰማዩ ግርጌ፣ የኦሞ ሸለቆ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሁሉ አጠገቤ ነበር፤ እኔ ግን አይቼው አላውቅም።

"አቁም!" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሌላ ማንም አይደለም።

እስራኤል በመስታወት አየኝ። "እትዬ፣ ሰባት ሰዓት ነው ያሉት" አለ።

"አምስት ደቂቃ። እግራችንን እናፍታታ።"

ወረድን። ቤቴል ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ሁለት ሁለት እየሆንን ተነሳን፣ ከዚያ ሴቶች ብቻ፣ ከዚያ ወንዶች ብቻ፣ ከዚያ ሁላችንም ገደሉን ከኋላ አድርገን። ያን ጊዜ ነው ያዘቀዘቅኩትን ነጠላ የገለበጥኩት። ለፎቶ እንዲያምር ጥለቱን ወደ ታች አወረድኩት፣ እንደ ዓመት በዓል። ማንም አልከለከለኝም። አቶ ጌታነህም "አሁን ገና ሰው መሰልሽ" አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ነው ቤቴል ያነሳችን። ሁላችንም ፎቶው ላይ በሳቅ አፋችንን ከፍተን ነው የወጣነው።

ታች፣ ሸለቆው ወገብ ላይ፣ አንድ ሜዳ አለ። ሜዳው በሰው ጠቁሯል፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል።

"ገበያ ነው" አሉ አቶ ጌታነህ።

"እንዴት ያለ ገበያ ነው!" አልኩ እኔ። "ቤቴል፣ ገበያው እንዲገባ አድርገሽ አንሺን።"

እስራኤል በሩ ላይ ተደግፎ፣ "ዛሬ በዚህ በኩል ገበያ የለም፣ እትዬ" አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ሾፌር ሁልጊዜ ይቸኩላል ብዬ ነው።

ከዚያ ቦይናው ወረደ። ለቅሶ ቤት ሄዶ ከሚራብ እዚሁ ቀምሶ መሄድ ይሻላል ተባለ፤ እኔም አዎ ብያለሁ። ዳታው አቃጠለን፣ ውኃ ጠጣን፣ እንደገና ፎቶ ተነሳን። እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ታች ደመና ገብቶ ሜዳው ላይ ዝናብ ጀመረ። ዝናብን ከላይ ሆኜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። "ዝናብ እንዲህ ከላይ ሆነው ሲያዩት ደስ ሲል!" ያልኩትን ቃል ዛሬም እንቅልፌ ውስጥ እሰማዋለሁ። ሰዓቴን ሳይ ሰባት ተኩል ሆኗል።

ተጣድፈን ገባን። ቁልቁለቱን ስንጀምር አራት ወንዶች በዝናብ በስብሰው፣ አካፋና ዶማ ተሸክመው፣ ሽቅብ እየሮጡ ሲመጡ አገኘናቸው። እጃቸውን አነሱ። እስራኤል ፍጥነቱን ቀነሰ። "ሙሉ ነን፣ ሰዓት ሄዷል፣ ንዳ!" አልኩት። ነዳ። በኋላው መስታወት ሳይ አራቱም መንገዱ መሐል ቆመው ያዩናል። ተሳፋሪ መስለውኝ ነበር፤ ለምን ወደ ላይ የሚሮጥ ሰው ወደ ታች በሚሄድ መኪና ለመሳፈር እንደሚፈልግ አላሰብኩም።

ስምንት ሰዓት አልፎ ሜዳው ዳር ስንቆም መጀመሪያ ያየሁት ሰማያዊውን ሸራ ነው። መኪናው ውስጥ ማንም ማንንም አላየም። ነጠላዬን በጥድፊያ መልሼ አዘቀዘቅኩት፤ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ።

ሕዝቡ በሙሉ ዝናብ ላይ ቆሟል። ሽማግሌው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ በዱላ የቆመው፣ ሁሉም። ሸራው ስር ያለው ሳጥኑ ብቻ ነበር። አልቀበሩትም። ሲያዩን መንገድ ለቀቁልን፤ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ እኛን፣ አሥራ አንዳችንን፣ በመሐል እያሳለፈ እስከ ሳጥኑ ድረስ አደረሰን። ፈጠነች እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ሮጣ መጣች፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

"መጣችሁ! መኪናው ተበላሸች መስሎኝ፣ እትዬ፣ ተበላሸች መስሎኝ…"

አቶ ኤርካሎ የሚባሉ ወንጌላዊ፣ እኛ እስክንደርስ ስብከቱን ሦስት ጊዜ ያራዘሙት እሳቸው መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ፣ "ከቢሮ የመጡ እንግዶች አንድ ቃል ይናገሩ" አሉ። አቶ ጌታነህ ወደ እኔ ዞሩ። ሰብሳቢዋ እኔ ነኛ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቆምኩ።

"መኪናችን ተበላሽቶብን ነው የዘገየነው" አልኩ። "አናቱ ላይ ቆሞብን ተሰቃየን። ይቅርታ አድርጉልን።"

አቶ ኤርካሎ ወደ ወላይትኛ ሲመልሱት ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አዘነልን። በዝናብ እየበሰበሰ የቆመው ሰው፣ ለእኛ አዘነልን። አንዲት አሮጊት መጥተው እርጥብ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው መረቁኝ። የዚያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን እውነቱን አልተናገርኩም። እንደገና ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር፤ ቀብሩ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቷል። ቆፋሪዎቹ አልተመለሱም ተባለ። የት እንደሄዱ አልጠየቅሁም። ሲመጡ ግን አየኋቸው። አራቱ ነበሩ፣ አካፋና ዶማ የተሸከሙት። ከመካከላቸው ረጅሙ የፈጠነች ወንድም ሻንቆ ነው። ሚኒባሳችንን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ አባቱን ሊቀብር ወረደ።

ሶዶ ከተመለስን በኋላ ስለዚያ ቀን ማንም አላነሳም። ፈጠነች ከሳምንት በኋላ ሥራ ገባች። በየክፍሉ እየዞረች እጅ ነሳች፤ "አገሬ ሰው ሁሉ ስለ እናንተ ያወራል" አለችን። የእሷ ስልክ ፎቶ የማያሳይ ትንሿ ስልክ ስለሆነች እግዜር አተረፈኝ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደስ ሲያሰኝ የሰው ልብ ምን ያህል እንደሚወርድ አስቡት። እሷ ሻይ ይዛ ስትገባ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ግን ሻዩን እጠጣው ነበር።

ሁለት ወር ያህል እንደሄደ አቶ ጌታነህ ለኮሪደሩ የሠራተኛውን አንድነት የሚያሳይ ፎቶ ይሰቀል አሉ። ቤቴል አናቱ ላይ ስንስቅ የተነሳነውን አወጣች። "ይሄማ የፈጠነች አባት ለቅሶ ስንሄድ…" ብዬ ጀመርኩ። "ማን ያውቃል? የሚታየው ተራራና ሰው ነው" አሉኝ። ክርክሩን ብቀጥል የዋሸሁትን ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ተውኩት። ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ በመስታወት ክፈፍ ገብቶ፣ "አንድነታችን ኃይላችን" የሚል ተጽፎበት ተሰቀለ። መስታወቱን በየጠዋቱ የሚወለውለው ማን እንደሆነ መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ። ፈጠነች አጭር ናት፤ ጨርቁን ሽቅብ ዘርግታ የክፈፉን ግርጌ ብቻ ጠርጋ ታልፋለች። ልቤ አረፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉትን ረስቼ ነበር።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ቀድሜ ስገባ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሸረሪት ድር ልታወርድ የወጣች ይመስለኛል። ፊቷ ከፎቶው ጋር ትክክል ሆኗል። ጨርቁን የያዘው እጇ መስታወቱ ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ ነይ እስቲ እይ" አለችኝ ሳትዞር።

ሄድኩ። መሄድ ባልችልም ሄድኩ።

"ይቺ የእኛ ሸራ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ነው ያመጣነው።" ጣቷ ከትከሻዬ በላይ፣ ከሚስቀው ፊቴ አጠገብ፣ የጥፍር ያህል ሰማያዊ ነገር ላይ አረፈ። "አባቴ አለች እዚህ ስር። ይሄ ሁሉ የእኛ ሰው ነው። ይቺ ደግሞ…" ጣቷ ከጥቁሩ ሕዝብ ወጣ ብላ መንገድ ዳር ወደቆመች አንዲት ነጥብ ሄደ። "ይቺ እኔ ነኝ። መኪና እያየሁ ነበር፣ እዚህ ቆሜ። አየኋችሁ። ነጭ መኪና አናቱ ላይ ቆማለች። 'የቢሮ ሰዎች መኪና ተበላሸ፣ ሂዱ፣ ግፉላቸው' አልኩ። ቆፋሪዎቹን ላኩ።"

"ፈጠነች…" አልኩ።

"ሻንቆ ተመልሶ 'መኪናው ደህና ናት፣ ዝም ብለው አለፉን' አለኝ። 'ከታች ሆኜ ስወጣ ሲስቁ ሰምቻለሁ' አለኝ። እኔ ውሸታም አልኩት። የአባታችን አፈር ገና ሳይደርቅ፣ በሰው ፊት፣ ቀናተኛ አልኩት፣ የቢሮ ሰው ስለመጣልኝ ነው አልኩት። እስከ ዛሬ አንነጋገርም።" ፎቶውን እንደገና አየች። የእኔን ነጠላ፣ የተከፈተውን አፌን ነው የምታየው፤ ሌላ አልነበረም። "ፎቶው ጥሩ ናት" አለች። "ሁላችሁም አምሮባችኋል።"

ይቅርታ አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አቁም ያልኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኳት። ከሦስት ወር በኋላ፣ ማንም በሌለበት ኮሪደር ውስጥ፣ አንድ መቶ ሰው ፊት ልለው ይገባኝ የነበረውን ተናገርኩ። ክፈፉን ላወርደው እጄን ስዘረጋ እጄን ያዘችኝ። በእናቴ ቀብር ላይ ብብቴ ስር የገባችው እጅ ናት።

"አታውርጂ፣ እትዬ። የአባቴ ቀብር ሌላ ፎቶ የለውም" አለችኝ።

ከወንበሩ ወረደች። ከሽርጧ ኪስ ትንሿን ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች። ተነሳ። በወላይትኛ ነበር የምትናገረው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፤ እኔ ደግሞ እሰማለሁ ብያለሁ።

"ሻንቆ፣ እኔ ነኝ" አለች። "ይቅር በለኝ። እውነትህን ነው፤ ሲስቁ ነበር።"

ከዚያ ስልኩን ዘግታ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ፣ ያለ ስኳር ሻዬን ልታመጣልኝ ሄደች።